ማስተር በሌለበት ሰዓት፦ የቴኳንዶ ጥያቄና መልስ

ክለብ በሳምንት ሦስት ቀን ነው። በቀሩት ቀናት ቤት ውስጥ ምን እንሥራ የሚሉ ጥያቄዎች በዝተውብኛል።

«የምኖረው በአንዲት ጠባብ ክፍል ነው። ቾንጂን (የመጀመሪያውን ፓተርን፣ ማለትም በቅደም ተከተል የሚሠራውን የእንቅስቃሴ ልምምድ) ስሠራ መሐል ላይ አልጋው ላይ እወጣለሁ።»

ሳቄ መጣ፤ እኔም ደርሶብኛል። ቾንጂ 19 እንቅስቃሴ አለው፤ ቤት ውስጥ ሁሉንም ካልጨረስኩ አትበል። የመጀመሪያዎቹን አራት ውሰድ። ወደ ግራ ዞረህ ወደ ታች መከላከል፣ ተራምደህ ቡጢ፣ ወደ ኋላ ዞረህ ያንኑ መድገም። ብዙ ሰው የሚበላሸው ዙሩ ላይ ነው፤ ለእሱ ደግሞ ጠባቧም ክፍል ትበቃለች። እሑድ ሜዳ ውጣና የቆምክበትን ቦታ በጠመኔ አስምር። በአይቲኤፍ (በዓለም አቀፉ የቴኳንዶ ፌዴሬሽን) ፓተርን የሚያልቀው በተጀመረበት ቦታ ነው። ከመስመሩ ርቀህ ከጨረስክ እርምጃህ እኩል አይደለም ማለት ነው። ከጠመኔ ጋር መከራከር አይቻልም።

«ቤት ውስጥ አየር ላይ ስራገጥ ጉልበቴን ያመኛል። ሰውነቴን ስለማላሟሙቅ ነው?»

ማሟሟቁን አትተዪ። ግን እኔ የምጠረጥረው ሌላ ነው። ክለብ ውስጥ እግርሽን የሚያቆመው ፓዱ፣ ያ የምትራገጪው ትራስ መሰል ነገር ነው። አየር ላይ ግን የሚያቆመው የለም፤ በሙሉ ኃይል ስትራገጪ ጫናው ጉልበትሽ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ኃይሉን ለፓድ አቆዪው። ቤት ውስጥ ግድግዳ ያዢና ጉልበትሽን ከፍ አድርጊ። እግርሽን እስከ አምስት እየቆጠርሽ ቀስ ብለሽ ዘርጊ፤ ቀስ ብለሽ መልሰሽ እጠፊ። አሥሩን በትክክል ከሠራሽ ላብ በላብ ትሆኛለሽ። ካበጠ ወይም ሕመሙ ካልለቀቀሽ ግን ሐኪም ጋ ሂጂ።

«ለመራገጫ እንዲሆነኝ ማዳበሪያ ላይ አሸዋ ሞልቼ ዛፍ ላይ ልሰቅል ነው። እንዴት ነው?»

ተው! አሸዋው ወደ ታች ይወርድና ድንጋይ ይሆንብሃል። አሮጌ ልብስና ጨርቅ ጠቅጥቅበት፣ ካገኘህ ትንሽ ሰጋቱራ ጨምርበት።

«ዩቲዩብ ብቻውን አይበቃም?»

አይበቃም። ስትራገጥ እጅህ መውረዱን ቪዲዮው አያይልህም። ይልቅ ራስህን ከጎን ቅረጽና ለማስተርህ አሳየው።

«የ9 ዓመት ልጄ የተማረውን ሁሉ ታናሽ እህቱ ላይ ይሞክራል። ምን ላድርግ?»

እናቴ፣ ዛሬውኑ ለማስተሩ ይንገሩ። የእርስዎን አሥር ቁጣ የማስተሩ አንድ ቃል ይበልጣል። የአይቲኤፍ መሐላ ውስጥም ቴኳንዶን ያለ አግባብ አልጠቀምም የሚል አለ፤ ጮክ ብሎ ይድገምልዎት። ለእርግጫው ደግሞ ትራስ ይስጡት።