ከጅማ የመጡ ጥያቄዎች፦ አልጋ፣ ሪፈርና የመድን ካርድ

ባለፈው ወር ስለ ጫትና እንቅልፍ ማጣት ጥቂት ጽፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከጅማና ከአካባቢዋ የደረሱኝ መልእክቶች ግን ስለ እንቅልፍ አይደሉም። አብዛኞቹ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ «ልጄን፣ ባሌን፣ ወንድሜን ሆስፒታል አስተኝቼ ላሳክም ብል መድኑ ይከፍልልኛል ወይ?» ዛሬ የተወሰኑትን እመልሳለሁ። ስም አልጠቅስም፤ ጥያቄዎቹንም አሳጥሬአቸዋለሁ።

«የ22 ዓመት ልጅ አለኝ። ጠዋት ኢጀባናውን (የማለዳ ጫቱን) ካልቃመ ከአልጋ አይነሳም። ማታ ለጨብሲ (ምርቃናውን ለመስበር) አረቄ ይጠጣል። ከሁለት ወር ወዲህ ደግሞ ከክፍሉ አይወጣም፣ አይበላም፣ ‹ብሞት ይሻለኛል› ይላል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካርድ አለን። ከየት ልጀምር?» (እናት፣ ከሂርማታ)

እናቴ፣ ከመጨረሻው ቃሉ ይጀምሩ። «ብሞት ይሻለኛል» ያለ ልጅ ሪፈር እስኪጻፍለት አይጠበቅም። ዛሬውኑ ቁጭ ብለው በግልጽ ይጠይቁት፦ «ራስህን ለመጉዳት አስበሃል ወይ?» ብዙ ወላጅ ይህን መጠየቅ ሐሳቡን የሚያስገባበት ይመስለዋል። አያስገባበትም። እንዲያውም ብቻውን የተሸከመውን ያወርድለታል። የተባይ መድኃኒት፣ ገመድ፣ ብዛት ያለው ክኒን ቤት ውስጥ ካለ ያርቁ። ብቻውን አይተዉት። አስቤአለሁ ካለ በሌሊትም ቢሆን ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት። ድንገተኛ ሕመም የሪፈር ተራ አይጠብቅም። የካርዱ ጉዳይ በማግስቱ ይደርሳል።

አሁን ወደ ካርዱ። ይህ መድን ለጅማ ዞን እንግዳ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር ሊሙ ኮሳ አንዷ ነበረች። ካርዱ የቤተሰብ ካርድ ነው፤ ተኝቶ መታከምንም ይጨምራል። አንድ ነገር ግን ብዙ እናቶችን በር ላይ ያስለቅሳል፦ 18 ዓመት የሞላው ልጅ በወላጁ ካርድ እንዲሁ አይቆጠርም። ተጨማሪ ክፍያ ተከፍሎለት መመዝገብ አለበት። ስለዚህ ካርዱን አውጥተው የልጁ ስምና ፎቶ መኖሩን ይዩ። ከሌለ ነገ ጠዋት ቀበሌ ይሂዱና እንዴት እንደሚጨመር ይጠይቁ። የዘንድሮው እድሳት መከፈሉንም በዚያው ያረጋግጡ። ምዝገባና እድሳት በአብዛኛው አዝመራ ከገባ በኋላ ባሉት ወራት ነው የሚካሄደው። ያ ጊዜ ካመለጠ ብዙ ያስጠብቃል።

ካርዱ ከተስተካከለ ቀሪው መንገድ ደረጃ በደረጃ ነው። መጀመሪያ ውል ያለው ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ እንደ ሸነን ጊቤ ያለ ሆስፒታል፣ ከዚያ የሕክምና ማዕከሉ። ማዕከሉ የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፤ አስተኝቶም ያክማል። ደረጃውን ዘለው በቀጥታ ከሄዱ ከኪስዎ ይከፍላሉ። ሪፈሩን ሲቀበሉ ከመስኮቱ ሳይርቁ ያንብቡት። ስሙ በካርዱ ላይ እንዳለው ተጽፏል? ማኅተም አለው? ፊርማ አለው? አንድ ፊደል ተሳስቶ ከጅማ ወደ ሰቃ የተመለሰ ሰው አውቃለሁ።

መድኑ የማይከፍለውንም ይወቁ። የታክሲውንና የባጃጁን፣ የአስታማሚውን ምግብና ማደሪያ አይከፍልም። የአእምሮ ሕክምና ክፍል ውስጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ አስታማሚ ይጠየቃል። ዘመድ ወዳጅ ሰብስበው ማን በየትኛው ቀን እንደሚያድር አሁኑኑ ይነጋገሩ። የታዘዘው መድኃኒት በሆስፒታሉ ከጠፋ ማዘዣው ላይ «የለም» አስብለው ማኅተም ያስመቱ። ከውጭ ሲገዙም ሕጋዊ ደረሰኝ ይቀበሉ። ገንዘቡ የሚመለሰው፣ የሚመለስ ከሆነ፣ በእነዚህ ወረቀቶች ነው።

«ባለቤቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ከ10 ዓመት በላይ በየቀኑ ጠጥቷል። አሁን ‹ከሰኞ ጀምሮ በቃኝ፣ ቤት ተኝቼ አቆማለሁ› ብሎኛል። ደስ ብሎኛል፣ ግን ፈርቻለሁ።»

ፍርሃትሽ ትክክል ነው እህቴ። ይህን መልስ ከሰኞ በፊት አንብቢለት።

ለዓመታት በየቀኑ ብዙ የጠጣ ሰው በአንድ ቀን ሲያቆም ሰውነቱ ያምፃል። ከመጨረሻው ብርጭቆ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ እጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽ፣ የልብ ትርታ መፍጠን ይጀምራል። እስከ 48 ሰዓት ድረስ እንደ ሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን አንዳንዱ ሰው ይቃዣል፣ የሌለ ያያል፣ ቤተሰቡን አያውቅም። ይህ ይገድላል። በየመንደሩ «አረቄ ሲያቆም ሞተ» የሚባለው ተረት አይደለም።

ሆስፒታል ከተኛ ግን መከላከል ይቻላል። እንደ ዲያዜፓም ያለ መድኃኒት እየቀነሱ ይሰጡታል። ቲያሚን የሚባለውን ቫይታሚንም ይሰጡታል፤ ጠጪ ሰው እሱ ስለሚጎድለው አንጎሉ ይጎዳል። ጥቂት ቀን ነው። ከዚህ በፊት ሲያቆም ተንፈራግጦ ከሆነ፣ ወይም ጠዋት ሳይቀምስ እጁ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ቤት ውስጥ አይሞክር። ሐኪም ዘንድ እስክትደርሱ ድረስም በድንገት አያቋርጥ።

ጫት ሌላ ነው። ካቲኖን የተባለው ቅመሙ ሲቀር እንዲህ ያለ መንፈራገጥ አያመጣም። ሐራራው (አምሮቱ)፣ ድካሙ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለቱ፣ ሌሊት ዱካኩ (ቅዠቱ) አለ። የሚያሳስበኝ ግን ልብ መክበዱ ነው። ከባድ ድብርት ያለበት ሰው ጫት ባቆመባቸው ቀናት አጠገቡ ሰው ይኑር።

«አንድ ወዳጄ ‹ሱስ ካላችሁ መድኑ ይቀራል፣ ድብርት ብቻ በሉ› ብሎ መከረን። እውነት ነው?»

ምክሩ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ለደመወዝተኞች የታሰበው የማኅበራዊ ጤና መድን በአዋጅ 690/2002 ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። ሥራ ላይ መዋሉ ግን በተደጋጋሚ ዘግይቷል። የእሱ ማስፈጸሚያ ደንብ ቁጥር 271/2005 የማይሸፈኑ ሕክምናዎችን ሲዘረዝር ከዕፅና ከሱስ ጋር የተያያዘውን ከዝርዝሩ አስገብቶት ነበር። ይህ አስተሳሰብ በየመስኮቱ ይገጥማችኋል። «ሱስ ነው፣ ራሱ ያመጣው ነው» ይባላል።

እኔ ይህን ልዩነት ስህተት ነው እላለሁ። የሰውየው ጉበት ሲታመም እናክመዋለን፣ በጀት አለን። ጉበቱን ያሳመመው መጠጥ ላይ ስንደርስ ግን በሩ ይዘጋል። ድብርቱና ሱሱ አንድ ሰው ውስጥ ናቸው። አንዱ ሌላውን ይጎትታል።

ቢሆንም ሐኪሙን አትዋሹት። ከላይ ለሹፌሩ ሚስት የሰጠሁትን መልስ አንብቡ። አልጋ ላይ የተኛ ሰው መጠጡን ከደበቀ፣ በሁለተኛው ቀን ሲንፈራገጥ ሐኪሙ ምክንያቱን አያውቅም። የደበቃችሁት ነገር ሊገድለው ይችላል። የሚሻለው ሁለቱንም ተናግሮ የተገኘው ሕመም ሁሉ በሕክምና ካርዱ ላይ እንዲሰፍር መጠየቅ ነው። ድብርት ካለ ድብርት ይጻፋል። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ካለ ይጻፋል። ድብርት እውነተኛ ሕመም ነው፤ መጻፉም ማጭበርበር አይደለም። መድን ላይ የተቀመጠው ሰው «አይሸፈንም» ካለ፦ «የትኛው መመሪያ፣ የትኛው አንቀጽ? በጽሑፍ ስጡኝ» በሉ። ያንን ይዛችሁ ወደ ወረዳው ወይም ወደ ከተማው የመድን ክፍል ሂዱ። ብዙ ጊዜ በቃል የተከለከለ ነገር በጽሑፍ አይከለከልም።

«ታላቅ ወንድሜ ሚኒሶታ ነው። ሥራ አለው፣ ኢንሹራንስም አለው። ይጠጣል፣ ስልክ ላይ ያለቅሳል። ‹እዚህ ሆስፒታል ከገባሁ በዕዳ እሞታለሁ› ይለኛል። ከጅማ ሆኜ ምን ልርዳው?»

ከምታስቢው በላይ ልትረጂው ትችያለሽ። እሱ ሕጉን የሚያነብበት ልብ አሁን የለውም። አንቺ አንብቢለት።

እዚያ አሜሪካ በ2008 (በእነሱ አቆጣጠር) የወጣ ሕግ አለ። ኢንሹራንሱ የአእምሮና የሱስ ሕክምናን የሚሸፍን ከሆነ፣ ለሌላ ሕመም ከሚያደርገው የጠበቀ ገደብ ሊጥልበት አይችልም። የ2010ሩ የጤና ሕግ ደግሞ ሰው በግሉ የሚገዛቸውና የትንንሽ ድርጅቶች ኢንሹራንሶች ሁለቱን የግድ እንዲሸፍኑ አዟል። እኛ ዘንድ የተነጠሉት ሱስና ድብርት እዚያ አንድ መስመር ላይ ተጽፈዋል። ሥራውን ካጣ ደግሞ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሜዲኬይድ አለ፤ በሚኒሶታ ሜዲካል አሲስታንስ ይሉታል።

ኢንሹራንስ ካርዱን ይገልብጠው። ጀርባው ላይ ስልክ ቁጥር አለ። ደውሎ እነዚህን ይጠይቅ፦ ለመጠጥና ለድብርት ተኝቶ ለመታከም ውል ያላቸው ተቋማት የትኞቹ ናቸው? ቅድመ ፈቃድ ያስፈልጋል? ከኪሴ የምከፍለው እስከ ስንት ነው? አማርኛ ወይም ኦሮምኛ አስተርጓሚ ይጠይቅ፤ አያስከፍሉትም። ያነጋገረውን ሰው ስምና ቀኑን ይጻፍ። ዕዳ የሚገድለው ብዙ ጊዜ ውል የሌለበት ቦታ ገብቶ ሲገኝ ነው።

ፈቃዱ የሚሰጠው ለጥቂት ቀናት ሊሆን ይችላል። «አንድ ወር ተኛ» የሚባል ቋሚ ነገር የለም። ተቋሙ በየጊዜው ማስረጃ እየላከ ያስጨምርለታል። ከከለከሉት በ180 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይችላል፤ እሱም ካልሆነ ከኢንሹራንሱ ውጭ ያለ ገለልተኛ አካል እንዲያየው ይጠይቃል። ይግባኝ ሳይሉ የሚተዉት ብዙ ናቸው። አንቺ አስታውሺው።

የት እንደሚጀምር ከጠፋው 1-800-662-4357 ይደውል። በመንግሥት የሚደገፍ፣ ሌት ተቀን የሚሠራ፣ ነፃ የስልክ መስመር ነው። ራሱን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣበት 988። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሰው ራሱ ደውሎ «የአውሮፕላን ትኬት እኛ እንከፍላለን፣ የኢንሹራንስ ቁጥርህን ብቻ ስጠን» ካለው ይዝጋው። በበሽተኛ የሚነግዱ አሉ።

ከገባ በኋላ አንቺ ብትደውዪ ስለ እሱ ምንም አይነግሩሽም። ሲገባ ስምሽን ጽፎ እንዲፈርምልሽ ከአሁኑ ንገሪው።

«የግል ቡና ማዘጋጃ ውስጥ እሠራለሁ። ሐኪሙ ሦስት ሳምንት ተኛ አለኝ። ከሥራ ይቀንሱኝ ይሆን?»

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አንተን ይመለከታል። የሙከራ ጊዜህን ከጨረስክ የሕመም ፈቃድ አለህ፤ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር። የመጀመሪያው ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር ነው። ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ። ስለዚህ ሦስት ሳምንትህ ሙሉ ደመወዝ ያለው ነው። ከሥራ በቀረህ ቢበዛ በማግስቱ አሳውቃቸው፣ ወይም ሰው ያሳውቅልህ። ስትወጣ የተኛህባቸውን ቀናት የሚገልጽ የሕክምና ማስረጃ ያዝ።

ድርጅቱ የቡድን ሕክምና ዋስትና ገብቶላችሁ ከሆነ ፖሊሲውን ከሰው ኃይል ክፍል ጠይቀህ ሁለት ቦታ አንብብ፦ ተኝቶ ለመታከም በዓመት የተመደበውን ጣሪያና «የማይሸፈኑ» የሚለውን ገጽ። የአእምሮ ሕክምና እዚያ ገጽ ላይ መኖሩን ከመተኛትህ በፊት ማወቅ አለብህ። ከፍለህ የምታስመልስ ከሆነ ዋናውን ደረሰኝ ለማንም አትስጥ፤ መጀመሪያ ኮፒ አድርግ።

«የድብርት ክኒን ሌላ ሱስ አይሆንም? ጠበል ወይም ዱዓ አይበቃም?»

እንደ ፍሉኦክሰቲንና አሚትሪፕቲሊን ያሉት ሐራራ አያመጡም። ግን ቶሎ አይሠሩም፤ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይወስዳሉ። ከተሻለሽም በኋላ ቢያንስ ለ6 ወር ይቀጥላሉ፤ ሲቆሙም በሐኪም ምክር ቀስ እየተባለ ነው። ጠበሉም ዱዓውም ይቀጥል። ክኒኑን አቁሙ የሚል ሰው ሲመጣ ብቻ እምቢ በሉ።

«ጓደኛዬ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ተኝቷል። ልጠይቀው እፈልጋለሁ፣ ግን ምን ይዤ ልሂድ? ምንስ ልበለው?» (ከአጋሮ)

ሂድ። የእግር ሕመም ቢሆን ኖሮ መንደሩ ሁሉ ይጎርፍለት ነበር። የመጠየቂያ ሰዓቱን ደውለህ አጣራ። ብርቱካን ወይም ሙዝ ያዝ። ምላጭ፣ ክብሪት፣ ቀበቶ አታስገባ፤ በር ላይ ሊፈትሹህ ይችላሉ። ጫት «ትንሽ ብቻ» ብሎ ቢለምንህም አትውሰድለት። «ጀዝባ» የምትሏት ቀልድ ለጊዜው ትቅር። ስለ ሕመሙ ካላነሳ አታንሳ። የዘንድሮ ቡና በስንት እየተሸጠ እንደሆነ አውራው፣ ሰፈሩ ውስጥ ማን እንደወለደ ንገረው። ሲደክመው ዝም ብለህ አጠገቡ ተቀመጥ። ስትወጣ የምትመለስበትን ቀን ነግረኸው ውጣ፤ በዚያ ቀንም ተመለስ።