ቁጥሩ ከየት መጣ? በፈሳሽ ውስጥ ያሉ ናኖ ቅንጣቶችን ለምትለኩ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እዚህ ደብረ ብርሃን የላቦራቶሪ ውጤታቸውን ይዘው ቤቴ ድረስ የሚመጡ ተማሪዎች አሉ። ብዙዎቹ የሚያሳዩኝ «በአንድ ሚሊ ሊትር ይህን ያህል ቅንጣት» የሚል አንድ ቁጥር ነው፤ ከየት እንደመጣ ስጠይቃቸው ደግሞ «መሣሪያው አወጣው» ይሉኛል። ይህን ደብዳቤ የሚያጽፈኝ ይኸው መልስ ነው። መሣሪያው የሚያየው የብርሃንን መዳከም፣ የቅንጣቶችን መርገብገብ ወይም ቅንጣቷ በጠባብ ቀዳዳ ስታልፍ የኤሌክትሪክ ፍሰቱ ላይ የምታመጣውን ለውጥ ነው፤ ከዚያ ወደ ክምችት፣ ማለትም በሚሊ ሊትሩ ውስጥ ወዳለው የቅንጣት ብዛት፣ የሚያደርሰው ስሌት ግን ብዙ ግምት የተሸከመ ስለሆነ ግምቱን ማወቅ የለኪው ድርሻ ነው።

ወርቅን እንውሰድ። በሚሊ ሊትሩ ውስጥ 0.05 ሚሊ ግራም ወርቅ ቢኖርና ቅንጣቶቹ 20 ናኖ ሜትር (ናኖ ሜትር የሜትር ቢሊዮንኛ ናት) ዲያሜትር ቢኖራቸው፣ አንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ ወርቅ 19.3 ግራም መመዘኑን ይዛችሁ ስታሰሉ 620 ቢሊዮን ገደማ ቅንጣት ታገኛላችሁ። ዲያሜትሩ 22 ቢሆንስ? ወርቁ ያው፣ ክብደቱም ያው ሆኖ ሳለ ቁጥሩ ወደ 465 ቢሊዮን ይወርዳል፤ የቅንጣቷ ይዘት በዲያሜትሯ ሦስተኛ ርቢ ስለሚያድግ፣ ዲያሜትሩ ላይ የተሠራች የ10 በመቶ ስሕተት የቁጥሩን ሩብ ይዛ ትሄዳለች። በብርሃን መበተን መጠንን የሚለካው መሣሪያማ ከዚህ የባሰ ያሳስታል፤ አንዲት ባለ 100 ናኖ ሜትር ቅንጣት የአንድ ሚሊዮን ባለ 10 ናኖ ሜትር ቅንጣቶችን ያህል ብርሃን ስለምትበትን ጥቂት ትልልቆች ትንንሾቹን ሁሉ ይጋርዷቸዋል።

እኔም ተሞኝቻለሁ። በወጣትነቴ በምሠራበት ላቦራቶሪ የተጣራ ውሃ አልቆ ስለነበር የወርቁን ናሙና በቧንቧ ውሃ አቀጠንኩት። ኩቬቱን፣ ናሙናው የሚነበብበትን ትንሽ ብርሃን አሳላፊ ዕቃ፣ ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጌ ስመለከት ቀይ የነበረው ፈሳሽ ዓይኔ እያየ ሐምራዊ ሆነ፣ ቆየት ብሎም ወደ ፈዛዛ ሰማያዊ ዞረ። በውሃው ውስጥ የሟሟው ጨው ቅንጣቶቹን የሚያራርቀውን የኤሌክትሪክ ግፊያ አዳክሞት እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ኖሯል። እኔ ግን የ20 ናኖ ሜትር ወርቅ ብርሃንን አብዝቶ በሚመጥበት በ520 ናኖ ሜትር የብርሃን ሞገድ ርዝመት አካባቢ ያነበብኩትን ብቻ መዝግቤ ክምችቱ ቀንሷል ብዬ ሪፖርት ጻፍኩ። ከወርቁ አንዳች አልጎደለም ነበር። ስለዚህ ሙሉውን ስፔክትረም፣ ማለትም በየሞገድ ርዝመቱ የተመጠጠውን ብርሃን፣ ሳታዩ አንዲት ነጥብ አትመዝግቡ፤ መሣሪያው የሚያሳየው የብርሃን ምጠት ከ1 በላይ ሲያልፍም አቅጥናችሁ እንደገና አንብቡ።

ማቅጠን ካልኩ አይቀር፣ ቅንጣት በቅንጣት እየተከታተለ የሚቆጥረው መሣሪያ በደንብ የሚሠራው በሚሊ ሊትር ከ10 ሚሊዮን እስከ 1 ቢሊዮን ቅንጣት ሲኖር በመሆኑ ከላይ የጠቀስኩት ዓይነት ናሙና ሺህ ጊዜና ከዚያም በላይ መቅጠን አለበት። የእኛ ከተማ ጉዳይ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ በእጃችሁ ያለው ፒፔት (ጥቂት ፈሳሽ ለክቶ የሚወስደው መሣሪያ) ደግሞ ፈሳሹን የሚስበው በውስጡ ባለው አየር አማካይነት በመሆኑ፣ ቆላ ላይ የተስተካከለው እዚህ ሲመጣ ከተጻፈበት መጠን ትንሽ አጉድሎ ይወስዳል። ጉድለቷ ለአንድ ጊዜ ባታሳስብም፣ ናሙናውን በፒፔት፣ ውሃውን በመስታወት መስፈሪያ እየለካችሁ ሦስት አራት ጊዜ ስታቀጥኑ ትደራረባለች።

መላው ቀላል ነው። የተጣራ ውሃ በፒፔቱ እየሳባችሁ ሚዛን ላይ አሥር ጊዜ መዝኑ፤ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ አንድ ሚሊ ሊትር 0.998 ግራም ገደማ መሆን አለበት፣ ያጎደለውን ያህል ስሌቱ ውስጥ አስገቡት። ውሃው፣ ፒፔቱና ክፍሉ አንድ ዓይነት ሙቀት ሳይዙ ግን ሚዛኑን አትመኑት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሲወርድ እኔ ከረፋዱ አራት ሰዓት በፊት ፒፔት አልነካም ነበር።