በልክ የሚሠራ የአደን ጠመንጃ፦ ከድሬዳዋ ጥያቄና መልስ

ከድሬዳዋ፣ ከሐረርና ከውጭ ሀገር ካሉ የሀገራችን ልጆች ለረጅም ርቀት አደን በልክ ስለሚሠራ ጠመንጃ የመጡልኝን ጥያቄዎች ሰብስቤ እመልሳለሁ። ሥራዬ ከውጭ ለሚመጡ አዳኞች መሣሪያ መያዝ፣ መፈተሽና ዒላማ ማስተካከል ነው። ውድ ጠመንጃዎች ሜዳ ላይ ምን እንደሚሆኑ በቅርብ አያለሁ፤ የምናገረውም ከዚያ ተነስቼ ነው።

ጥያቄ (ዴንቨር፣ የከዚራ ልጅ)፦ አቦ፣ ኮሎራዶ ላይ ኤልክ የሚባለውን ትልቅ የአሜሪካ አጋዘን ለማደን ጠመንጃ ላሠራ ነው። የትኛው ካሊበር ይሻላል?

ከካሊበሩ፣ ማለትም ከጥይቱ መጠንና ዓይነት፣ አትጀምር። መጀመሪያ እንስሳውን፣ ቀጥሎ አረሩን፣ ከዚያ ርቀቱን ወስን፤ ካሊበሩ ራሱ ተከትሎ ይመጣል። ወንድ ኤልክ 300 ኪሎ የሚያልፍ፣ ትከሻው አጥንተ ወፍራም እንስሳ ነው። አረሩ አጥንት ሰብሮ መግባትም፣ ውስጥ ገብቶ መከፈትም አለበት። ለመከፈት ደግሞ ፍጥነት ይፈልጋል። ብዙዎቹ የአደን አረሮች ፍጥነታቸው በሰከንድ ከ550 ሜትር ገደማ በታች ሲወርድ እንደሚገባው አይከፈቱም፤ ቀዳዳ በስተው ያልፋሉ፣ እንስሳውም ቆስሎ ይሄዳል። ስለዚህ ጠመንጃ ሠሪውን «ይህ አረር ከዚህ ቱቦ ወጥቶ እስከ ስንት ሜትር ድረስ ከዚያ ፍጥነት በላይ ይቆያል?» ብለህ ጠይቀው። መልስ ከሌለው ሌላ ሠሪ ፈልግ።

ስሙን ካልጠራህልኝ ካልክ፣ በ1962 እ.ኤ.አ. የወጣው 7 ሚሊ ሜትር ሬሚንግተን ማግነም እና በ1963 የወጣው .300 ዊንቸስተር ማግነም ለዚህ ሥራ ዛሬም አላረጁም። አዲሶቹ ፒአርሲ የሚባሉት የጥይት ዓይነቶች ረጃጅምና ከባድ አረር ታስቦባቸው የተሠሩ ስለሆኑ ጥሩ ናቸው። እኔ ግን .300 ዊንቸስተርን የምመርጥበት ምክንያት አለኝ፤ ሻንጣህ መንገድ ላይ ቢቀር ጥይቱን በብዙ ሀገር ታገኘዋለህ። 6.5 ክሪድሙር የሚባለው አነስ ያለ ጥይት ርግጫው ቀላል ነው፣ ለመለማመጃም ድንቅ ነው፤ ለትልቅ ኤልክ በረጅም ርቀት ግን አልመክርህም።

ጥያቄ (ሳቢያን)፦ አንድ ሰው በቪዲዮ 1,000 ሜትር ላይ ሲመታ አይቻለሁ። በእውነቱ ስንት ሜትር ድረስ ነው የሚተኮሰው?

የብረት ዒላማ 1,000 ሜትር ላይ መምታትና ነፍስ ያለው ነገር ላይ መተኮስ አይገናኙም። ብረት ቁስል ይዞ ጫካ አይገባም፣ እርምጃም አይራመድም። ባለ .300 ጥይት 600 ሜትር ለመድረስ 0.8 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። በዚያ ጊዜ የሚግጥ አጋዘን አንድ እርምጃ ይራመዳል፤ ደረቱ ላይ ያነጣጠርከው ሆዱን ያገኘዋል።

ነፋሱ ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። መውረዱን በሂሳብ ታውቀዋለህ፤ 200 ሜትር ላይ የተስተካከለ ጠመንጃ 500 ሜትር ላይ ከአንድ ሜትር በላይ ይወርዳል፣ ቴሌስኮፑን አዙረህ ታካክሰዋለህ። ከጎን የሚመጣ በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ግን በዚያው ርቀት አረሩን 40 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ይገፋዋል። የእንስሳው ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ ራሱ ከዚያ ብዙም አይበልጥም። ሸለቆ ውስጥ ነፋሱ አንተ ያለህበት ሌላ፣ መሀል ላይ ሌላ፣ እንስሳው ጋ ሌላ ነው።

የራስህን ርቀት እንዲህ ለካ፦ ሮጥ ሮጥ ብለህ ትንፋሽህ ሳይመለስ፣ ጠረጴዛ ሳይኖር፣ የጀርባ ቦርሳህ ላይ አስደግፈህ፣ 25 ሳንቲ ሜትር የሆነ ዒላማ ላይ አንድ ጥይት ተኩስ። ጠመንጃው ከቀዘቀዘ በኋላ ሌላ ቀን ድገመው። የመጀመሪያዋ ጥይት ሁልጊዜ የምትገባበት ርቀት ያንተ ርቀት ነው። ለአብዛኛው ሰው 300 ወይም 400 ሜትር ይሆናል፤ የ10 ሺህ ዶላር ጠመንጃም አያስረዝመውም።

ጥያቄ (ሐረር፣ አራተኛ)፦ የአያቴ ምንሽር ቤት አለ። ቴሌስኮፕ አስገጥሜ ለረጅም ርቀት ባሠራው ምን ይመስልሃል?

ተው። የድሮ ጦር መሣሪያ ብረቱ በምን ሁኔታ እንዳለ በዓይን አይታይም፤ በአዲስ ከፍተኛ ግፊት ባለው ጥይት መተኮስ ፊትህን አሳልፎ መስጠት ነው። ብሎን ለማስገባት ሲበሱትም ቅርስነቱ ይጠፋል። ከሁሉ በፊት ግን መሣሪያው በጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ አለው ወይ? ከሌለው መጀመሪያ የሚመለከተው አካል ጋ ሄደህ ጠይቅ። የአያት መሣሪያ ዘይት ተቀብቶ በክብር ቢቀመጥ ይበቃዋል።

ጥያቄ (ድሬዳዋ፣ ለገሃሬ)፦ አንድ እንግዳ እዚህ ቆላ አስተካክሎ ደጋ ላይ ሲተኩስ ከፍ ብሎ ሄደበት። ጠመንጃው ተበላሽቶ ነው?

ጠመንጃው ደህና ሊሆን ይችላል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደንገጎን ወጥተህ ሐረር ስትደርስ ወደ 1,900 ትጠጋለህ፤ የደጋ አጋዘን ያለበት ተራራ ደግሞ 3,000 ሜትርና ከዚያ በላይ ነው። እዚያ አየሩ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ አረሩን ብዙ አይይዘውም፤ ሩቅ ስትተኩስ ከፍ ይላል።

በሌላ በኩል ሙቀቱ አለ። እዚህ ጥይቱን መኪናው ዳሽቦርድ ላይ ፀሐይ ሲመታው ያዋሉት ሰዎች አሉ። ባሩድ ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራል፣ አረሩም ይፈጥናል። መቀርቀሪያው አልከፈት ብሎ በእጅ መዳፍ ሲመታ አይቻለሁ፤ ያ ማስጠንቀቂያ ነው፣ ወዲያው መተኮስ ይቆማል። ማለዳ ደጋ ላይ ደግሞ ያው ጥይት በብርድ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ስለዚህ ጥይት ጥላ ውስጥ ይቀመጥ፣ ለሙቀት ብዙ የማይለዋወጥ ባሩድ ይመረጥ፣ ስልክ ላይ ያለው የአረር መውረድ ማስሊያም የምታድንበትን ከፍታና ሙቀት ይሞላ። ካምፕ እንደደረሳችሁም እንደገና ተኩሳችሁ አረጋግጡ። ይህን የምለው ለከፍታው ብቻ አይደለም፤ የእኛ መንገድ ላንድክሩዘር ላይ የቴሌስኮፕ ብሎን ያላላል።

ስለ ተራራ ከተነሳ አንድ ነገር ልጨምር። በ30 ዲግሪ ወደ ላይም ሆነ ወደ ታች ስትተኩስ የርቀት መለኪያው 400 ሜትር ካለህ የምታስተካክለው ለ346 ሜትር ነው። አግድሙ ርቀት ነው የሚቆጠረው።

ጥያቄ (ሚኒሶታ፣ የሐረር ልጅ)፦ እኔ አጭር ነኝ፤ የባለቤቴ ጠመንጃ ትከሻዬን ያሳምመኛል። ገንዘቤን ምኑ ላይ ላውለው?

እህቴ፣ በልክ ማሠራት ትርጉም የሚኖረው ላንቺ ዓይነት ሰው ነው። የፋብሪካ ጠመንጃ ከቃታው እስከ ሰደፉ ጫፍ 34 ወይም 35 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ላንቺ ይረዝምብሻል። ሲረዝም አንገትሽን ትስቢያለሽ፣ ሰደፉ ከትከሻሽ ይንሸራተታል፣ ርግጫው አጥንት ላይ ያርፋል። ሠሪው የክረምት ጃኬትሽን አስለብሶ ይለካሽ። ዓይንሽን ጨፍነሽ ጠመንጃውን ትከሻሽ ላይ አድርጊና ክፈቺ፤ ጉንጭሽን ሳታነሺ ቴሌስኮፑ ሙሉ ሆኖ ከታየሽ ልክሽ ነው።

ከሰደፉ ቀጥሎ ጥሩ ቱቦ፣ ከዚያ ጥሩ ቴሌስኮፕና ማሰሪያው። አረሩን የሚያሽከረክረው የቱቦው ውስጣዊ ጥምዝ ከአረሩ ርዝመት ጋር መስማማት አለበት፤ ለ.300 በ10 ኢንች አንድ ዙር የተለመደ ነው፣ ረጅም የመዳብ አረር ከፈለግሽ ግን ፈጠን ያለ ጥምዝ ያስፈልጋል። ለመቀርቀሪያው የሬሚንግተን 700 ቅርጽ ያለው ይሁን፤ ሰደፍና ቃታ በቀላሉ ይገኝለታል። ቅርጻ ቅርጽና ያማረ እንጨት መጨረሻ ላይ ገንዘብ ከተረፈ።

ጥያቄ (ሐረር)፦ ካርቦን የተጠቀለለበት ቱቦ ይጠቅማል?

ክብደት ይቀንሳል። ርካሽ ካርቦን ከምትገዛ ግን ጥሩ የብረት ቱቦ ይሻልሃል።

ጥያቄ (ጭሮ፣ ዱካ ተከታይ)፦ ጋሼ፣ አንዳንድ እንግዶች አፈሙዝ ላይ ቀዳዳ ያለው ብረት ይገጥማሉ። ከተኮሱ በኋላ ጆሮዬ ቀኑን ሙሉ ይጮሃል።

ወንድሜ፣ ይህ ጥያቄ ከሁሉም ይበልጥብኛል። ያ ብረት ርግጫውን የሚቀንሰው ጋዙን ወደ ጎን በመርጨት ነው፤ ጎን ላይ የተቀመጥከው ደግሞ አንተ ነህ። ተኳሹ ትከሻውን ሲያድን ያንተ ጆሮ ይከፍላል፣ የተጎዳ ጆሮም አይመለስም። ጆሮ መድፈኛ ኪስህ ውስጥ ይኑር፣ ሳትደፍን እንዳይተኩስ አስቀድመህ ንገረው፣ ከአፈሙዙ ወደ ኋላም ተቀመጥ። ጠመንጃ የምታሠሩም፣ ብረቱ የሚፈታ ይሁን፤ ለልምምድ ግጠሙት፣ ለአደን ፍቱት። ስትፈቱት ዒላማው ስለሚቀየር እንደገና አስተካክሉ።

ጥያቄ (ካልጋሪ)፦ ጠመንጃዬን ይዤ መጥቼ ቁኒ ላይ የደጋ አጋዘን ማደን እችላለሁ?

ቁኒ ሙክታር የደጋ አጋዘን መጠለያ ነው፤ አይታደንበትም። ባቢሌም የዝሆን መጠለያ ነው። የደጋ አጋዘን በዓለም ላይ ከእኛ ሀገር በቀር የትም የለም። አደን የሚፈቀደው በተከለሉ የአደን ቦታዎች፣ በኮታ፣ ከኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን በሚሰጥ ፈቃድና ከባለሙያ አዳኝ ጋር ብቻ ነው። የመሣሪያውን የመግቢያ ፈቃድ ትኬት ከመቁረጥህ በፊት በአስጎብኚ ድርጅትህ በኩል ጨርስ። ጥይት በአውሮፕላን የሚፈቀደው በአንድ ሰው እስከ 5 ኪሎ ነው፣ ከጠመንጃው ተለይቶ ይታሸጋል። መቀርቀሪያውን አውጥተህ ለብቻው ጠቅልለው፣ የብሎን መፍቻውንም ሳጥኑ ውስጥ ጨምር፤ እዚህ የዚያ ዓይነት መፍቻ ፍለጋ ቀን ያቃጥላል።