ስንቁን ሳትቋጥሩ ልጁን ጉዞ አታስጀምሩት

ለልጆች የጀብዱ ተረት መጻፍ ለጀመራችሁ ወጣቶች፣

ደሴ ውስጥ አማርኛ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። በእናንተ ዕድሜ እኔም አንድ ተረት ጽፌ ነበር። በበረዶ የተሸፈነ ግንብ፣ እሳት የሚተፋ ዘንዶ፣ የሚናገር ሰይፍ፣ ምን ያልከተትኩበት አለ! ለአራተኛ ክፍሎች ሳነብላቸው ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች። «ጋሼ፣ ልጁ ሰባት ቀን ሲሄድ ምን በላ?»

መልስ አጣሁ። ደብተሩን ዘግቼ ሌላ ትምህርት ጀመርኩ።

ዛሬ ብጽፈው የምነሣው ከጓዳ ነው። አያቱ ሌሊት ተነሥታ በሶውን በውኃ ለውሳ፣ በመዳፏ እየጨበጠች ጭብጦ ስታደርግለት፣ ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ ስትቋጥርለት። አስማት ካስፈለገ እዚያው ቋጠሮ ውስጥ ይግባ፤ ግን ያልቃል። የማያልቅ አስማት ልጅ ያሰለቻል።

ለአስማቱም ሩቅ አትሂዱ። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብትጓዙ ሐይቅ አለላችሁ። አንዲት ነፍሰ ጡር በልዕልት ተበድላ፣ ፈጣሪ ተቆጥቶ አገሩን ውኃ ሲያደርገው፣ እሷ የተቀመጠችበት ብቻ ደረቅ ቀረ፤ የእስጢፋኖስ ገዳም ያለው እዚያ ነው ይላሉ። የሚፈለግ ዕቃም ሞልቷል። የላሊበላው መስቀል በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ ቤልጂየም ድረስ ሄዶ ተመልሷል። ስሙ «አፍሮ አይገባ» ነው! ለጉዞ ተረት ከዚህ የተሻለ ስም ከየት ይመጣል? ብቻ አደራ፣ እነዚህ ሰው የሚጸልይባቸው ናቸው፤ መልአክ ብታስገቡም አስማተኛ አታድርጉብን።

ታማኝነትን ደግሞ በመሐላ አትጻፉት። የኔዎቹ ገጸ ባሕርያት በየገጹ «እስከ ሞት!» ይባባሉ ነበር፤ አሁን ሳነበው ያሳፍረኛል። እኛ ወሎ ያደግነው አንዱ ሲጾም ሌላው በሚበላበት ሰፈር ነው። ሁለት ጓደኛሞች ተራራ ይውጡ፤ ወሩ ረመዳን ይሁን። የማይጾመው ርቦታል፣ ጭብጦው በእጁ ነው። ፀሐይዋን ያያል፣ ቋጠሮውን ይነካል፣ እጁን ይመልሳል። አዛን ሲሰማ ቋጠሮውን ፈትቶ መጀመሪያ ለጓደኛው ያቀብላል። ከዚህ በላይ አንድም ቃል አትጨምሩ።

ረቂቁን ስትጨርሱ የሰፈር ልጆች ሰብስባችሁ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት። የሚያዛጉበትን ገጽ ሰርዙ። እጅ የሚያወጣ ካለም ደብተራችሁን አትዝጉ።