ቀሪውን ቅጣት አገሩ መጨረስ ይችላል ወይ?

እህቴ፣ ወንድምሽ ውጭ አገር በአደንዛዥ ዕፅ 18 ዓመት እንደተፈረደበት ጽፈሽ፣ «ቀሪውን ቅጣት አገሩ መጨረስ ይችላል ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ይችላል። የአክስቴ ልጅ በዚሁ ጉዳይ ተፈርዶበት መጥቷል፤ ያስመጣሁትም እኔ ነኝ። «እናስፈታዋለን፣ ገንዘብ ላኩ» የሚሉሽን ደላሎች ስልካቸውንም አታንሺ።

1. ይግባኙ የት እንደደረሰ አጣሪ። ዝውውር የሚፈቀደው ፍርዱ የመጨረሻ ሲሆን ነው። ይግባኙን ይተወው ማለቴ አይደለም፤ ቅጣት የሚያስቀንስ ከሆነ ይሟገት። የእኛ ጠበቃ ግን ይግባኙ ውድቅ ከተደረገ በኋላም «በሂደት ላይ ነው» እያለ ሲያስከፍለን ከረመ። እውነቱን የነገረን ራሱ እስረኛው ነው! ስለዚህ የውሳኔውን ግልባጭ ከፍርድ ቤቱ አስወጪ፣ ማኅተም ያለበትን።

2. በሁለቱ አገሮች መካከል ስምምነት መኖሩን እይ። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የአውሮፓ ምክር ቤት ስምምነት ከአውሮፓ ውጭ ያሉ አገሮችንም ይዟል። በእሱ ከሆነ በመደበኛው ቢያንስ 6 ወር ቅጣት መቅረት አለበት፤ ድርጊቱም በሁለቱም አገር ወንጀል መሆን አለበት። ሁለቱ መንግሥታትና እስረኛው ካልተስማሙ ግን ነገሩ አበቃ።

3. ቆንስላ። እዚህ ላይ ደሜ ይፈላል። የእኛ ሰውዬ ፋይሉን እንኳ ሳይገልጥ «ዕፁን ሲሸከም አማክሮናል?» አለኝ፣ አክስቴ አጠገቤ ቆማ። እ.ኤ.አ. በ1963 በወጣው የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት አንቀጽ 36 መሠረት ቆንስላ የታሰረ ዜጋውን መጎብኘት፣ ከእሱ ጋር መጻጻፍና ጠበቃ ማመቻቸት ይችላል አልኩት። «ይችላል ይላል እንጂ ይገደዳል አይልም» ብሎኝ እርፍ! ሕጉን ያውቀዋል ማለት ነው፤ ያናደደኝም ይኼ ነው። «እሺ፣ አንረዳችሁም ብለህ በጽሑፍ ስጠኝ» አልኩት። ሰውዬው ወዲያው ወንበር ሳበልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «አቶ» እያለ ነው የሚጠራኝ። አንቺም ጥያቄሽን በጽሑፍ አስገቢ፣ የገባበትን ቁጥር ተቀበዪ፣ ግልባጩን ለአለቃው አድርጊ። ከእስር ያስፈታልኛል ብለሽ ግን አትጠብቂ፤ ያ ሥልጣን የለውም።

ሲመጣም ነፃ አይወጣም። ቅጣቱ ይቀጥላል፣ ወይም በአገሩ ሕግ ይለወጣል። አመክሮው በየትኛው አገር ሕግ እንደሚታሰብ ከመፈረሙ በፊት ጠይቁ። ለወንድምሽ ዛሬውኑ ጻፊለት፤ መዛወር እንደሚፈልግ በእጁ ጽፎ ይፈርምና ይላክልሽ። ፖስታው ላይ የእስረኛ ቁጥሩን አትርሺ።