ፒያኖው ውስጡ ሳይወጣም ጠረጴዛ ይሆናል

እህቴ፣ «አራት ማዕዘን የድሮ ፒያኖ ወርሻለሁ፤ ድምፁ ስለተበላሸ ውስጡን አስወጥቼ የጽሕፈት ጠረጴዛ ላድርገው?» ብለሻል። እባክሽ አትቸኩዪ። አሮጌ ፒያኖ መጠገን የኖርኩበት ሥራ ነው። ሆዳቸው ወጥቶ ጠረጴዛ የሆኑ ብዙ አይቻለሁ፤ መልሶ ፒያኖ ማድረግ ግን የማይታሰብ ነው።

የቤት ዕቃ መሆኑ ራሱ ነውር የለውም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቪየና ውስጥ የልብስ ስፌት ጠረጴዛ የሆኑ ትንንሽ ፒያኖዎች ይሠሩ ነበር፤ የመርፌና የክር ማስቀመጫ ሳይቀር አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1866 ደግሞ ቻርልስ ሄስ የተባለ የአሜሪካዋ ሲንሲናቲ ሰው ከሥሩ አልጋ፣ መሳቢያና የእጅ መታጠቢያ ያለው ፒያኖ ፈጥሮ ፓተንት አውጥቶበታል። ልዩነቱ፣ እነዚህ ሲሠሩም ሙዚቃው እንዳይነካ ታስቦ ነው።

ያንቺን እንዲህ መርምሪው። ክዳኑን ዝጊና አራቱንም ጥግ እዪ። አንዱ ጥግ ብድግ ካለ ማጠፊያውን አትጠርጥሪ። ድምፅ የሚሰጡት የፒያኖው ክሮች ለዘመናት ሲጎትቱ ሳጥኑን ጠምዝዘውታል፤ በዚህ ዓይነት ፒያኖ ላይ በጣም የተለመደ ነው። አናጺ ክዳኑን በመላጊያ ልላገው ቢልሽ እምቢ በይ። መላግ የጠመመውን ሳጥን አያቃናውም፤ ስስ የእንጨት ልባጡን ግን ይበላዋል። ይልቅ ፒያኖ ቃኚ ጠርተሽ ክሮቹን ቀስ በቀስ፣ ከዳር እስከ ዳር እኩል እንዲያላላቸው አድርጊ። በጉጠት መቁረጥ አደገኛ ነው፤ የተወጠረ ክር ተፈናጥሮ ዓይን ያጠፋል።

ውስጡን ስታዪ ክሮቹ የተወጠሩበት የብረት ፍሬም አለው? ፒያኖ ሠሪው አልፊየስ ባብኮክ አሜሪካ፣ ቦስተን ላይ ለአራት ማዕዘን ፒያኖ ወጥ የብረት ፍሬም ፓተንት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1825 ነው። ፍሬሙ ሙሉ እንጨት ከሆነ የቆየ ሊሆን ስለሚችል ይበልጥ ተጠንቀቂለት። ትልቁና ባለ ብረቱ ደግሞ ከ300 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል። እግሮቹ በአብዛኛው የሚፈቱ ናቸውና ሳይፈቱ ወለል ላይ አትጎትቱት፤ ይሰበራሉ።

ከዚያ ክዳኑን ዘግተሽ ወፍራም ጨርቅ አንጥፊበትና ጻፊበት። ላፕቶፕም መጽሐፍም ይችላል። የአበባ ማስቀመጫና ትኩስ ስኒ ግን አይቀመጥበት፤ ውሃ በስንጥቁ ገብቶ ክሮቹን የሚመቱትን ትንንሽ መዶሻዎች ያበላሻል። ፀሐይ ከሚመታው መስኮትም አርቂው።

ከቁልፎቹ በላይ የተጻፈውን ስምና የውስጡን ፎቶ እዚህ ብትለጥፊ፣ ዘመኑን ለመገመት አግዝሻለሁ።