አጠራጣሪ የፎርክሎዠር ሰነድ ሲደርስሽ፦ ለሲልቨር ስፕሪንጓ እኅቴ

እኅቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። በቤትሽ ላይ የፎርክሎዠር (ብድር ባለመከፈሉ ቤት በሐራጅ የሚሸጥበት ሂደት) ማስታወቂያ መጥቶብሻል። ብድሩ ለሌላ ድርጅት መተላለፉን የሚገልጸውን ሰነድ የፈረመው ሰው የመጀመሪያው አበዳሪሽ «ምክትል ፕሬዚዳንት» ተብሏል፤ ያ አበዳሪ ግን ከከሰረ ዓመታት አልፈዋል። ፊርማውም በሌላው ወረቀት ላይ ካለው ጋር አይመሳሰልም። «ይህን ይዤ ቤቴን ማዳን እችላለሁ ወይ?» ብለሻል። እኔም እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሞንጎመሪ ካውንቲ ውስጥ በዚህ መንገድ አልፌያለሁ፤ ቤቴ ዛሬም በእጄ ነው። ጠበቃ አይደለሁም፤ የማውቀውን ግን አልሰስትም።

መጠርጠርሽ ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የአንድ ትልቅ አበዳሪ ሠራተኛ በወር ወደ 10,000 የሚጠጉ የፎርክሎዠር የመሐላ ቃሎችን ይዘታቸውን ሳያረጋግጥ እንደሚፈርም በምስክርነት ቃሉ አምኗል። ዶክኤክስ በተባለው የጆርጂያ የሞርጌጅ ሰነድ አዘጋጅ ድርጅት ደግሞ የአንዲት ሠራተኛ ስም በብዙ ሰዎች እጅ ይፈረም ነበር፤ ኃላፊዋ ሎሬይን ብራውን ጥፋተኛነቷን አምና በ2013 የ5 ዓመት እስራት ተፈርዶባታል። በ2012 49 ግዛቶችና የፌዴራሉ መንግሥት ከ5 ታላላቅ አበዳሪዎች ጋር የ25 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት የፈጸሙት በዚህ ዓይነት ጉድ የተነሳ ነው። ሜሪላንድም በ2010 ዳኞች አጠራጣሪ የመሐላ ቃል የፈረመውን ወገን ጠርተው እንዲያስረዳ የሚያዙበትን ደንብ አወጣች።

ተስፋሽን ሁሉ ግን በፊርማው ላይ አትጣይ። ዲድ ኦፍ ትረስትሽን (ቤቱን ለብድሩ መያዣ ያደረግሽበትን ውል) አውጥተሽ መርስ የሚል ስም እንዳለበት ተመልከቺ። መርስ አበዳሪዎች የሞርጌጅ ዝውውራቸውን የሚመዘግቡበት የጋራ ድርጅት ሲሆን፣ በብዙ ውሎች ላይ የአበዳሪውና የተተኪዎቹ ወኪል ተብሎ ተጽፏል። ስለዚህ አበዳሪው ከከሰረ በኋላም በመርስ በኩል «ምክትል ፕሬዚዳንት» ተብሎ የሚፈርም ሰው ሊኖር ይችላል፤ ፍርድ ቤቶችም ብዙ ጊዜ ይቀበሉታል። ከዚህ የሚከብደው ደግሞ የሜሪላንድ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2013 በብሮክ ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ ነው፦ ዋናውን የዕዳ ሰነድ፣ የተቀባይ ስም ሳይጻፍበት ከጀርባው ተፈርሞ የያዘ ወገን፣ የብድሩ ባለቤት ባይሆን እንኳ ሊያስፈጽመው ይችላል። በማሳቹሴትስ ግን በ2011 የኢባኔዝ ጉዳይ ሞርጌጁ በወቅቱ ያልተላለፈላቸው ሁለት ባንኮች ያካሄዱት ሐራጅ ፈርሷል። ነገሩ በየግዛቱ ይለያያል፤ የሌላ ግዛት ሰው ያሸነፈበት ክርክር ለአንቺ ላይሠራ ይችላል።

እንግዲህ ዓይንሽን የምታሳርፊበትን ልንገርሽ። ከሳሾቹ (አበዳሪው ወገን የሾማቸው የሐራጅ ሻጮች) በካውንቲው ሰርኪውት ፍርድ ቤት መዝገብ ሲከፍቱ የዕዳ ሰነዱን ቅጂ፣ የባለቤትነት መሐላ፣ የዕዳውን መጠን የሚገልጽ መሐላና የሐራጅ ሻጮቹን ሹመት ማያያዝ አለባቸው። ሙሉ መዝገቡን አስገልብጪ። የዕዳ ሰነዱ ጀርባ ላይ ማን ለማን እንደፈረመ ተመልከቺ፤ ቀደም ሲል ሌላ መዝገብ ተከፍቶብሽ ከነበረ ያኔ የቀረበውን ቅጂ ከዛሬው ጋር አስተያዪ። ያኔ ያልነበረ ፊርማ ዛሬ ከታየ ጠበቃሽ ከፊርማ አለመመሳሰል ይልቅ እሱን አጥብቆ ይይዛል። ሻጮቹን የሾማቸው ወገን በዚያን ቀን ሥልጣን ነበረው ወይ? የኖተሪው ቀን ከፊርማው ቀን ይቀድማል ወይ?

ከሁሉም በላይ የዕዳውን መጠን መርምሪ። እኔን ያዳነኝ ይህ ነው። የብድሬ ውል እንዲሻሻል የሙከራ ክፍያ እየከፈልኩ ሳለ ክፍያ ሰብሳቢው ድርጅት ተቀየረ፤ አዲሱ ድርጅት ስምምነቱንም የከፈልኩትንም አላውቅም አለ። በመሐላ ያቀረበው ሒሳብ እነዚያን ክፍያዎች አላካተተም፤ ኢንሹራንስ እያለኝ በራሱ የገዛውን የቤት ኢንሹራንስ ግን ጨምሮብኛል። የባንክ መግለጫዬን ከሒሳባቸው ጎን ለጎን አድርጌ በየወሩ የሚለያየውን አሰመርኩበት። ጠበቃዬ ያንን ሰንጠረዥ ከመሐላዬ ጋር ሲያቀርብ ከሳሾቹ መዝገቡን ራሳቸው አነሱት። መዝገብ ሲነሳ ዕዳው አይሰረዝም፤ እንደገና መክሰስም ይችላሉ። ባገኘሁት ጊዜ ግን የውል ማሻሻያውን ጨረስኩ። ነጻ ቤት ላገኝ ነው ብለሽ አትነሺ፤ የሰነዱ ስሕተት ጊዜና የመደራደር አቅም ይሰጥሻል፤ ቤቱን የሚያቆየው ልትከፍዪ የምትችዪው ስምምነት ነው።

ዛሬውኑ ለክፍያ ሰብሳቢው በአደራ ደብዳቤ ጻፊ። የብድሩ ባለቤት ማን እንደሆነና ሙሉ የክፍያ ታሪክሽን ጠይቂ፤ የተሳሳተው ሒሳብ እንዲታረምም አመልክቺ። ደብዳቤው ክፍያ ወደሚላክበት አድራሻ ሳይሆን ለእንዲህ ዓይነት ጥያቄ ብለው ወደሰየሙት አድራሻ ይሂድ፤ ወርሐዊ መግለጫሽ ላይ ወይም ድረ ገጻቸው ላይ ታገኚዋለሽ። በፌዴራሉ ሕግ መሠረት በ5 የሥራ ቀናት መቀበላቸውን መግለጽ፣ የባለቤቱን ማንነት በ10፣ ሌላውን በመደበኛነት በ30 የሥራ ቀናት መመለስ አለባቸው። ይህ ደብዳቤ በራሱ ሐራጅ አያቆምም። የተሟላ የእርዳታ ማመልከቻ (እንደ ውል ማሻሻያ ያለ መፍትሔ የሚጠየቅበት) ግን ከሐራጁ ቀን ከ37 ቀናት በላይ ቀድሞ ከደረሳቸው፣ ውሳኔ ሳይሰጡበት ሐራጅ ማካሄድ አይችሉም። ማመልከቻውን ስታስገቢ «ተሟልቷል» የሚል ጽሑፍ እንዲሰጡሽ ወጥሪያቸው።

አሁን ስለ ጊዜው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው። ከአበዳሪው ወገን ጋር የሚደረገው የሽምግልና መጠየቂያ ቅጽ ሲደርስሽ 25 ቀን ብቻ ነው ያለሽ፤ አታሳልፊው። ሐራጁ እንዲታገድና መዝገቡ እንዲዘጋ የሚቀርበው አቤቱታ ደግሞ የ15 ቀን ገደብ አለው፤ ቀኑ ከሽምግልናው ወይም ከመጨረሻው የእርዳታ መሐላ (የእርዳታ ጥያቄሽ ምን ላይ እንደደረሰ ከሳሾቹ በመሐላ ከሚያስገቡት ሰነድ) ጋር ተያይዞ ስለሚቆጠር ጠበቃ ያስላልሽ። አቤቱታው በመሐላ መደገፍና ፍሬ ነገሩን በዝርዝር መግለጽ አለበት፤ «ፊርማው ያጠራጥራል» ብቻ ከሆነ ዳኛው ችሎት እንኳ ሳይሰይም ውድቅ ሊያደርገው ይችላል። ከሐራጁ በኋላ የሚሰማው ተቃውሞ በአብዛኛው በሽያጩ አካሄድ ላይ የተወሰነ ነው። ቨርጂንያ ያላችሁ ደግሞ ይብስባችኋል፤ እዚያ ሐራጁ ያለ ፍርድ ቤት ስለሚካሄድ እግድ ለማግኘት ራሳችሁ ከሳሽ መሆን አለባችሁ።

አንድ ነገር ያንገበግበኛል። ስምሽ በፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ሲወጣ ስልክሽ ይጨናነቃል፤ አንዳንዱ በአማርኛ ነው የሚደውለው። «ብድርሽን መርምረን ሐሰተኛነቱን እናረጋግጣለን» ብሎ ቅድሚያ ገንዘብ የሚጠይቅ፣ ወይም «ለጊዜው ቤቱን በስሜ አዙሪልኝ» የሚል ሰው ቢመጣ በርሽን ዝጊ። ከጠበቃ በቀር እንዲህ ያለ አገልግሎት የሚሸጥ ሁሉ ከአበዳሪው የተጻፈ፣ አንቺም የተቀበልሽው ስምምነት ሳያስገኝ ክፍያ እንዳይወስድ በፌዴራል ደንብ ተከልክሏል። ሐድ (የፌዴራሉ የቤቶች ሚኒስቴር) ያጸደቃቸው የቤት አማካሪዎች በነጻ ይረዱሻል፤ ገቢሽ ዝቅተኛ ከሆነ ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጠው ሜሪላንድ ሊጋል ኤድም አለ። ወርሐዊ ገቢ ካለሽና ውዝፉን በ3 ወይም በ5 ዓመት መክፈል የምትችዪ ከሆነ ስለ ቻፕተር 13 (ውዝፍ ዕዳ በፍርድ ቤት ጥበቃ ሥር በየወሩ ስለሚከፈልበት የኪሳራ ሕግ ምዕራፍ) የባንክረፕሲ ጠበቃ አማክሪ፤ ማመልከቻው ሲገባ ሐራጁ በአብዛኛው ወዲያው ይታገዳል።

ፍርድ ቤቱ የአማርኛ አስተርጓሚ በነጻ ያቀርብልሻል፤ ቅጹን ቀደም ብለሽ አስገቢ፤ ልጆችሽ እንዲያስተረጉሙልሽ አታድርጊ። በሜሪላንድ ፍርድ ቤቶች የመዝገብ መፈለጊያ ላይ ስምሽን አስገብተሽ መዝገቡ መቼ እንደተከፈተና የመጨረሻው መሐላ ገብቶ እንደሆነ ጻፊልን። የትኛው ቀን ገደብ እየሮጠብሽ እንዳለ ሳናውቅ የቀረውን መምከር አይቻልም።